ጭራቁን ቀለም አትቀቡት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ሐይቅ፣ የድሮ የጭራቅ ፊልም ለሕዝብ ማሳየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው በኮምፒውተር ቀለም የተቀባውን ቅጂ መፈለግ ነው። እሱ ከጠፋ ደግሞ «ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሰው አያይልንም» ብሎ ይተወዋል። ለተመልካቹ አስቦ እንደሆነ እናውቃለን። ግን እነዚያ ጭራቆች የተሠሩት በጥቁርና ነጩ ነው፤ እሱን ስታነሱባቸው ጭራቁም አብሮ ይሄዳል። ይህን የምንለው በናፍቆት እንዳይመስላችሁ፣ አሠራሩን እናሳያችሁ።

ነጭ ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተሸበሸበ ፊት ሣሉ። በቀይ ላስቲክ አሻግራችሁ ስታዩት ሥዕሉ ይጠፋል፤ የከረሜላ መጠቅለያም ይበቃል። በአረንጓዴ ላስቲክ ስታዩት ደግሞ ያው ሥዕል ጠቁሮ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1931 ሩበን ማሙሊያን ባዘጋጀው «ዶክተር ጄኪልና ሚስተር ሃይድ» ላይ ካሜራማኑ ካርል ስትራስ የተጠቀመው ይህንኑ ነው። የተዋናዩ የፍሬድሪክ ማርች ፊት በቀለም ተኳለ፤ ሌንሱ ፊት ያለው ባለቀለም ፊልተር ቀስ እያለ ሲቀየር ተደብቆ የነበረው ሽብሽባት ብቅ ይላል። ካሜራው ሳይቋረጥ፣ ሰውዬው ዓይናችን እያየ ወደ ጭራቅ ይለወጣል። ቀለም በሚያሳይ ፊልም ይህ አይሆንም፤ ተመልካቹ ገና ከጅምሩ ፊቱ ላይ የተቀባውን ያየዋል።

በዚያው ዓመት በወጣው «ፍራንከንስታይን» ላይም የሜካፕ ባለሙያው ጃክ ፒርስ ጭራቁን የሚጫወተውን ቦሪስ ካርሎፍን ወደ አረንጓዴ በሚያደላ ቅባት ቀባው። የዘመኑ ፊልም ያንን ቀለም የሬሳ ንጣት አድርጎ ነበር የሚያነሳው። ዛሬ በኮምፒውተር ቀለም የሚቀቡ ሰዎች ያንን ፊት ወይ የሕያው ሰው ቆዳ ይሰጡታል፣ ወይ እንደ ቅጠል ያለመልሙታል።

ሁለተኛው ነገር መጠን ነው። እ.ኤ.አ. የ1933ቱ «ኪንግ ኮንግ»፣ ያ ግዙፍ ጎሪላ፣ በብዙዎቹ ትዕይንቶች 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው አሻንጉሊት ነው፤ ውስጡ በመጋጠሚያው የሚታጠፍ የብረት አጽም፣ ላዩ የጥንቸል ቆዳ። የአኒሜሽን ባለሙያው ዊሊስ ኦብራየን አሻንጉሊቱን ትንሽ እያንቀሳቀሰ አንድ ፍሬም፣ ማለትም አንድ ነጠላ ምስል፣ ያነሳል፤ እንደገና ያንቀሳቅሳል፣ እንደገና ያነሳል። ለ1 ሰከንድ 24 ፍሬም ያስፈልጋል፣ ለ1 ደቂቃ 1,440። የኮንግ ፀጉር ንፋስ እንደነካው የሚርገበገበው በየፍሬሙ መሀል የሠራተኞቹ ጣት ስለሚነካው ነው። ስህተት ነበር፤ ብዙ ተመልካች ግን እንስሳው በቁጣ ፀጉሩን ያቆመ መሰለው። በግራጫው ውስጥ የጥንቸሉ ፀጉርና በመስታወት ላይ የተሣለው ጫካ አንድ ዓይነት ጨርቅ ይመስላሉ፤ ቀለም ሲቀባ ግን አሻንጉሊቱ ለብቻው፣ ሥዕሉ ለብቻው ይቀራል።

ስለ ጃፓኑ «ጎጂራ» («ጎድዚላ»፣ በቦንብ ሙከራ ተቀስቅሶ ከባሕር ስለሚወጣው ግዙፍ ጭራቅ) ግን ሰፋ አድርገን መጻፍ አለብን፤ ለወሎ ሰው ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነው ብለን እናምናለን።

የካቲት 22 ቀን 1946 ዓ.ም.፣ በእኛ የዓድዋ በዓል ዋዜማ፣ አሜሪካ ቢኪኒ በተባለው ደሴት የሃይድሮጂን ቦንብ ሞከረች። 23 ሰዎች የጫነች አንዲት የጃፓን የዓሣ ጀልባ ላይ መርዛማው አመድ ዘነበባት፤ የጀልባዋ የሬዲዮ ሠራተኛ መስከረም 1947 ዓ.ም. ሞተ። ፊልሙ ጥቅምት 24 ቀን 1947 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲቀርብ የሚጀምረው ባሕር ላይ በድንገት በርቶ አንዲትን መርከብ በሚውጥ ብርሃን ነው። ተመልካቹ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ገባው። ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ ከጦር ሜዳ ሲመለስ የተቃጠለችውን ሂሮሺማን ያየ ሰው ነው።

ጭራቁ በልብሱ ውስጥ ያለ ሰው ነው፤ የመጀመሪያው ልብስ 100 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር። ከተማዋ ከእውነተኛው 25 ጊዜ አንሳ ተሠርታለች። ታዲያ የክርን ቁመት ያለው ቤት ሲፈርስ ለምን እውነት ይመስላል? ትንሽ ነገር ቶሎ ይወድቃል፤ ትልቅ ለማስመሰል ካሜራውን አፍጥኖ አንስቶ በተለመደው ፍጥነት ማሳየት ግድ ነው። የሙያው ስሌት የመጠኑ ልዩነት ስኩዌር ሩት ነው፦ የ25 ስኩዌር ሩት 5፣ 24 ሲባዛ በ5 ደግሞ 120 ፍሬም በሰከንድ። በዚህ መንገድ ፍርስራሹ እየከበደ ይወርዳል። ውሃና እሳት ግን አይታዘዙም። የጠብታና የነበልባል መጠን በአሻንጉሊት ልክ አይቀንስም፤ ቀለም ሲኖር ይህ ወዲያው ያጋልጣል። የጎጂራ ትልልቅ ትዕይንቶች በሌሊት፣ በጭስና በጥላ የተሞሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሌላው ምክንያት ይበልጣል። ጥቁርና ነጭ የዜና ፊልም ቀለም ነበር። ቶኪዮ ስትነድ ያየ ሰው መልሶ ያያት በዚያው ቀለም ነው። ደሴም ብትሆን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት አውሮፕላኖች ሲደበድቧት የተነሱት ፎቶግራፎች ጥቁርና ነጭ ናቸው። የጎጂራ የሆስፒታል ትዕይንት፣ ቃሬዛው፣ መሬት ላይ የተኙት ቁስለኞች፣ የጨረር መለኪያ የሚያዝባት ሕፃን፣ በዚህ ከተማ የሚኖር ሰው ሊስቅበት የሚችለው ነገር አይደለም። ያንን ትዕይንት ቀለም መቀባት የሟችን ፎቶ መኳል ነው።

ድምፁም የእጅ ሥራ ነው። የሙዚቃ ደራሲው አኪራ ኢፉኩቤ የጎጂራን ጩኸት ያወጣው በጥድ ሙጫ የተለወሰ የቆዳ ጓንት በኮንትራባስ ክር ላይ በማንሸራተት ነው። ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም በሆኑበት አገር ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ ማሲንቆን የሚያናግረውም የጭራው መፋተግ ነው።

አሁን ወደ ማሳየቱ። ፕሮጀክተር ጥቁር ብርሃን አይተፋም፤ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ጥቁር የክፍሉ ጨለማ ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት አትጀምሩ፤ የበሩንም ስንጥቅ በጨርቅ ድፈኑ። ስክሪን ለመሥራት አቡጀዲ ይበቃል፤ ነጠላ ከሆነ ግን ብርሃኑ አልፎት ይሄዳል፣ ሁለት ድርብ ይሰፋና ይተኮስ። በአራቱም ጎን ይወጠር። ዙሪያውን 15 ሴንቲ ሜትር ጥቁር ጨርቅ ብታደርጉለት ነጩ የበለጠ ይነጣል።

እ.ኤ.አ. ከ1953 በፊት የተሠሩት ፊልሞች ምስላቸው ወደ ካሬ የቀረበ ነው፤ በሰፊው ስክሪን ልክ ስትለጥጧቸው ጭራቁ ይወፍራል፣ ግርማውም ይጠፋል። ጎጂራም ቅርጹ ያው ነው። ከ1953 በኋላ በተሠሩት ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ «የጥቁሩ ሐይቅ ፍጡር» በ1954 የወጣ ቢሆንም ለሰፊ ስክሪን የታሰበ ነው። በርቀቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፕሮጀክተሩ ለ1 ሜትር ስፋት 1.5 ሜትር ርቀት የሚፈልግ ከሆነ፣ ለ2 ሜትር ምስል 3 ሜትር ይበቃል ብሎ ያስባል። ሰፊ ስክሪን የሆነ ፕሮጀክተር ግን በጎንና በጎን ባዶውን ቦታም ይቆጥራል፤ 2 ሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር ቁመት ላለው የድሮ ምስል 4 ሜትር ማፈግፈግ ያስፈልጋል።

ከፕሮጀክተሩ የምስል ማስተካከያዎች «ቪቪድ» እና «ዳይናሚክ» የሚሉትን አጥፉ። «ሞሽን» የሚል ቃል ያለበትን ማስተካከያ ሁሉ አጥፉ፤ በፍሬሞች መሀል የራሱን ፍሬም እየፈጠረ የኦብራየንን ሥራ ያበላሻል። የሌሊት ትዕይንት ላይ አቁማችሁ፣ የጥቁር ካፖርት እጥፋት እስኪታይ ብራይትነሱን ጨምሩ፣ ከዚያ አንድ ደረጃ መልሱት። ያላችሁ ቀለም የተቀባ ቅጂ ብቻ ከሆነ ከለሩን 0 አድርጉት፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም አብዛኛው ግራጫ ይመለሳል። ድምፁ ከአንድ ቦታ የሚመጣ ነውና አንድ ስፒከር ከስክሪኑ ሥር ይበቃል። ቤዙን አትጨምሩ፤ በድሮው ድምፅ ውስጥ የሌለውን ፍለጋ ጉምጉምታ ብቻ ታወጣላችሁ።

መብራት ሲጠፋ የፕሮጀክተሩ አምፖል ሳይቀዘቅዝ ማራገቢያው ይቆማል፤ ብዙ አምፖል የሚሞተው በዚህ ነው። 300 ዋት ለሚወስድ ፕሮጀክተር 1000 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ፊልሙን ለመጨረስ አይበቃም፣ በወጉ ለማጥፋትና ለማቀዝቀዝ ግን ይበቃል።

የጎጂራ ሁለት ቅጂ አለ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1956 ቆርጠው የራሳቸውን ተዋናይ የጨመሩበት 80 ደቂቃ ነው፤ የጃፓኑ 96 ደቂቃ ነው። ከማውረዳችሁ በፊት ደቂቃውን እዩ። የትርጉም ጽሑፍ ስትጨምሩ ጥቁር ጠርዝ ያለው ፈካ ያለ ግራጫ ፊደል አድርጉ፤ ንጹሕ ነጭ ከሆነ የምስሉን ነጭ ሁሉ ያደበዝዘዋል። በማይክ የምትተረጉሙ ከሆነ ደግሞ አንድ ልመና አለን፦ የሴት ተማሪዎቹ መዝሙር ሲጀመር ማይኩን አስቀምጡት፤ እስኪያልቅ ድረስም አታንሱት።

ፊልም አሳዮች፣ ከደሴ