ይድረስ ወንበር ላላቸው ኃላፊ፣ ወንበር ካጣው ሹፌር

ክቡር ኃላፊ፣

የቢሮዎን ስም አልጠራም። ሦስት መስመር ሳያነቡ ራስዎ ያውቁታል። ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ሦስቱም ቁጥር ወጥቶላቸው መዝገብ ቤት ተኝተዋል። አራተኛዋን አደባባይ አወጣኋት።

ጉዳዩን ላስታውስዎት። ናይሮቢ ያለ አንድ የራሊ፣ ማለትም የመኪና እሽቅድምድም፣ ቡድን ለአንድ ውድድር መኪናውን ሊሰጠኝ ተስማማ። አጠገቤ ተቀምጦ መንገዱን የሚነግረኝ ናቪጌተር ከእነሱ፣ ኪራዩ ከእኔ። ለኪራዩ ቪትዜን ሸጥኩ። የጎደለው አንድ ገጽ ደብዳቤ ብቻ ነበር። በዓለም አቀፉ ደንብ ከአገሩ ውጭ የሚወዳደር ሹፌር ከአገሩ የስፖርት አካል ፈቃድ መያዝ አለበት። ይህን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ለፈቃዱም፣ ባንክ ዶላር ለመጠየቅም መጀመሪያ አምጣ የተባልኩት የእርስዎን ቢሮ የድጋፍ ደብዳቤ ነው።

መጀመሪያ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። በሳምንቱ «ባለሙያው ፊልድ ወጥቷል»። ከዚያ «ተመርቶልሃል» ሲሉኝ ደስ አለኝ። ለካ የተመራው ብስክሌት ለሚከታተለው ክፍል ነው። እዚያ ያለው ልጅ ጨዋ ነው። ፋይሉን አገላብጦ አየና «ወንድሜ፣ ያንተው ሞተር አለው እኮ» አለኝ። እግዜር ይስጠው። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ማመልከቻዬን ያነበበው እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ደብዳቤው በ26ኛው ቀን ተፈረመ። የቡድኑ ቀነ ገደብ ረቡዕ ነበር፣ ደብዳቤው የወጣው አርብ። ማህተሙ ግማሹ ፊርማዎ ላይ፣ ግማሹ ስሜ ላይ አርፏል። ስሜም አንድ ፊደል ጎድሎታል። ጸሐፊዋ ስትሰጠኝ «እንኳን ደስ አለህ» አለችኝ። ምን ልበላት? አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። መኪናው ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል።

«አንድ ውድድር ምን አላት?» ይሉ ይሆናል። እስቲ ይህን ይስሙ። በዓለም ራሊ ሻምፒዮና ትልቁ ምድብ ራሊ1 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2025 እዚያ መኪና ያሰለፉት ቶዮታ፣ ሂዩንዳይ እና ኤም-ስፖርት ፎርድ ብቻ ናቸው። ኦሊቨር ሶልበርግ የሚባለው ሹፌር አባቱ ፔተር የ2003 የዓለም ሻምፒዮን ነው። ያም ሆኖ ልጁን ሂዩንዳይ በ2022 መጨረሻ ሸኘው። ዝቅ ወዳለው ምድብ ወርዶ ነዳ። በ2025 ቶዮታ ኢስቶኒያ ላይ ለአንድ ውድድር ብለው የራሊ1 መኪና ሰጡት። አሸነፈ። ለ2026 በቡድኑ ቋሚ የሹፌር ወንበር አገኘ። የሻምፒዮን ልጅ እንኳን የተመለሰው በአንድ ውድድር ነው። እኔ አባቴ ጡረተኛ መምህር ናቸው።

የፈረንጅ ነገር ነው ካሉ ከሞያሌ ማዶ ይመልከቱ። ሳፋሪ ራሊ ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ ነበር። በ2021 ናይቫሻ ላይ ሲመለስ የኬንያ መንግሥት ከጀርባው ቆሞ ነው። በዓመቱ ማክሬ ኪማቲ የሚባል ኬንያዊ ወጣት ስዊድን ሄዶ በዓለም ራሊ ሻምፒዮናው የወጣቶች ምድብ (ጁኒየር) በረዶ ላይ ነዳ። አቧራ የለመደ ልጅ፣ በረዶ ላይ! እሱም ከአገሩ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ሰጡት ማለት ነው።

እኔ አሁን ወንበሩን መልሱልኝ አልልም፣ አይመለስም። ቢያንስ የሚቀጥለው ልጅ ሲመጣ ማመልከቻው ብስክሌት ክፍል አይሂድ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ትናንት ከመዝገብ ቤትዎ ተደወለልኝ። የደብዳቤው ቀሪ ፋይሉ ውስጥ ስለሌለ ኦሪጅናሉን ይዘህ ና፣ ኮፒ እናድርገው አሉኝ። አርብ ጠዋት አመጣዋለሁ። ስብሰባ ላይ ካልሆኑ እንተያያለን።

ቪትዙን ሽጦ ቢሮዎ በታክሲ የሚመላለሰው ሹፌር