የሳንባ ዕጢ በመጠኑ ብቻ አይመዘን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ሳንባ ካንሰር ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ደብረ ማርቆስ ሆኜ አነበብሁት። ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ መገኘት እንዳለበት ማሳሰባችሁ ተገቢ ነው። ሆኖም ጽሑፉ ስለ መጠን ብቻ ተናግሮ በማብቃቱ፣ ቤተሰቤን ያሳሳተውን ነገር ለሌሎች ማካፈል ግዴታዬ መስሎ ታይቶኛል።

ከታላቅ ወንድሜ ሳንባ በቀዶ ሕክምና የወጣው ዕጢ 2.5 ሴንቲ ሜትር ነበር። የተሰጠን የፓቶሎጂ (የወጣው ሥጋ በማይክሮስኮፕ የተመረመረበት) ውጤት የካንሰሩን ዓይነትና መጠን፣ ወደ ሊምፍ ዕጢዎችም አለመድረሱን ገልጾ በአራት መስመር ያልቃል። ወንድሜ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና «ወንድማለም፣ ትንሽ ከሆነች እንግዲህ ተገላገልሁ» አለኝ። የባዮሎጂ መምህር ብሆንም እኔም እንደዚያው አምኜ ነበር።

በኋላ ክትትሉን የያዘው ሐኪም ስላይዶቹን (የዕጢው ስስ ቅንጣቢ የተለጠፈባቸውን መስታወቶች)ና በሰም ውስጥ የተቀመጠውን ናሙና እንድናመጣ አዘዘን። ሌላ ፓቶሎጂስት ተለጣጭ ቃጫዎችን አጥቁሮ በሚያሳይ ልዩ ቀለም ሲመረምረው፣ ካንሰሩ ሳንባን የሚለብሰውን ስስ ሽፋን ጥሶ ተገኘ። በማይክሮስኮፑ እንዳይም ፈቀደልኝ፤ ጥቁሩ መስመር አንድ ቦታ ላይ እንደ ተበጠሰ ክር ይቆምና ከወዲያ ማዶ እንደገና ይጀምራል፤ በክፍተቱ የካንሰሩ ሕዋሳት ተሰግስገዋል። ዕጢው በአንዲት ሚሊ ሜትር እንኳ አልጨመረም፤ ነገር ግን ከ3 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ዕጢ ይህን ሽፋን ከጣሰ፣ በዓለም አቀፉ የደረጃ አሰጣጥ የዕጢውን መጠንና ወረራ በሚገልጸው «ቲ» መለኪያ ከቲ1 ወደ ከፋው ቲ2 ይሸጋገራል፤ የማገርሸት ሥጋቱም ይጨምራል።

አዴኖካርሲኖማ በሚባለው የሳንባ ካንሰር ዓይነት ልዩነቱ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ከ3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ሆኖ፣ በአየር ከረጢቶቹ ግድግዳ ላይ እየተሳበ የሚያድግና ወደ ውስጥ የሰረገው ክፍሉ ከ5 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ዕጢ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ከወጣ፣ በዚያ ካንሰር የሚሞት ሰው የለም ለማለት ይቻላል። በአንጻሩ በጥቃቅን ጉንጉን ወይም በድፍን ክምር የሚያድገው ክፍል ከዕጢው 20 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ዕጢው ክፉ ከሚባለው ምድብ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. በምደባው ያካተተው ሌላም የወረራ መንገድ አለ፤ ሕዋሳቱ ከዕጢው ዳር ተገንጥለው ራቅ ባሉ የአየር ከረጢቶች ውስጥ ይቀመጣሉ። ጣና ላይ እንቦጭ ከዋናው መንጋ እየተገነጠለ ወደ ሌላ ዳርቻ ሲንሳፈፍ ያየ ሰው፣ እንዲህ ያለ ዕጢ ያለበት ሕመምተኛ የሳንባው ቅጠል (ሳንባ ከተከፈለባቸው ትልልቅ ክፍሎች አንዱ) በሙሉ ሳይሆን ቁራጩ ብቻ ሲወጣለት ካንሰሩ ለምን አብዝቶ እንደሚያገረሽ ለመረዳት አይቸገርም።

በአገራችን አብዛኛው የሳንባ ካንሰር ሕመምተኛ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ቀዶ ሕክምና ከማይቻልበት ደረጃ ላይ ነው። በጊዜ ደርሶ ዕጢው የወጣለት ጥቂት ሰው፣ ሽፋኑ መጣሱን፣ የደምና የሊምፍ ሥሮች መወረራቸውን፣ በአየር ከረጢቶች መሰራጨቱንና የተቆረጠው ጠርዝ ንጹሕ መሆኑን በወረቀቱ ላይ በግልጽ ሊያገኝ ይገባል። ከሽፋኑ ልዩ ቀለም በቀር፣ ይህ በአብዛኛው በዚያው በተለመደው ስላይድ ላይ የሚታይ ነው።

ጋዜጣችሁ አንድ የፓቶሎጂ ባለሙያ ጋብዞ እንዲህ ያለው የውጤት ወረቀት እንዴት እንደሚነበብ፣ ሕመምተኛውም ሐኪሙን ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት እንዲያስረዳልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የባዮሎጂ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ