እማዬ፣ እስቲ ከአስፋልቱ ራቅ በይ

ለንደን፣ ህዳር 2018

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። ሚጡ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ጣሪያ ላይ ካልወረወርኩ ብላ አለቀሰች። 4ኛ ፎቅ ላይ ሆነን የቱን ጣሪያ ላምጣላት? በመስኮት ወረወርነው፣ የጎረቤት በረንዳ ላይ አረፈ። እሁድ የደወልኩት ይህን ላጫውትሽ ነበር። ሳሉ መች አስወራሽ!

"ብርድ ነው" አልሽኝ። የዛሬ 30 ዓመትም ብርድ ነበር።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትስቂብኝ። ስልኬ ላይ የሽሮ ሜዳን አየር እከታተል ነበር። አሜሪካ ኤምባሲ የአየሩን ብክለት የሚለካ መሣሪያ ነበረው፤ ከጉሊትሽ ብዙም አይርቅ። ልተኛ ስል ቁጥሩን አያለሁ። ያለ ምክንያት የምደውልልሽ ቀይ ሲሆን ነበር። አምና፣ በፈረንጆቹ ማርች 2025፣ አሜሪካኖቹ የኤምባሲዎቻቸውን የአየር ቁጥር ማውጣት አቆሙ። አሁን የቀረኝ ያንቺ ሳል ነው።

ህዳር ደግሞ ይብሳል። ጠዋት ቅዝቃዜው መሬት ላይ ይተኛል፣ ሞቅ ያለው አየር ከላይ እንደ አክንባሎ ይደፋበታል። የታክሲው፣ የከሰሉ፣ ህዳር ሲታጠን የሚነደው ቆሻሻ፣ ሁሉም ጭስ መውጫ ያጣል። አንቺ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እዛው ነሽ። ከስድስት ኪሎ የሚመጣው አውቶቡስ ዳገቱ ከብዶት ማርሽ የሚቀይረው ፊትሽ ላይ አይደል? ጥቀርሻውን ከቲማቲሙ ላይ በጨርቅ ስትጠርጊ ትዝ ይለኛል። ቲማቲሙን ነበር የምትጠርጊው። ነጠላሽን አፍሽ ላይ ጣል ብታደርጊም የሚይዝልሽ አቧራውን ነው። የጭሱ ደቃቅ ብናኝ ከጸጉር 30 ጊዜ ይቀጥናል፤ ሳንባ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል።

ማሙሽን አስቀርተሽ እኔን ደብረ ብርሃን እማማ ጋ ስትሰጂኝ 9 ዓመቴ ነበር። ሁለት ክረምት ሙሉ። መናኸሪያው ላይ ዞር ብለሽ እንኳን አላየሽኝም። የሚበላ አፍ በዝቶባት ነው ብዬ ነበር። አሁንም አንዳንዴ እላለሁ። ሳሌ ግን እዛ ለቀቀኝ። አምና ሚጡን ትንፋሽ ሲያጥራት ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ቤታችሁ ዋና መንገድ ዳር ነው?" ብላ ነው። ያኔ ክው አልኩ። አውቀሽ ነበር፣ አይደል? ታዲያ ምን ነበር ብትነግሪኝ? ደግሞስ እኔን ካሸሸሽ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ እዛ?

ተይው፣ አትመልሺልኝ። ያሳደገኝን ጉሊት ልቀቂ የምልበት አፍ የለኝም። ብቻ ጥላሽን ወደ ቅያሱ ገባ አድርጊው። ከአስፋልቱ ትንሽ መራቅም ብዙ ነው፤ ደንበኛ እንደሆነ ሽንኩርቱን ፈልጎ ይመጣል። ሐሙስ ማሙሽ ሐኪም ቤት ይወስድሻል፣ ብር ልኬለታለሁ። ስኳርሽን ብቻ አስለክተሽ እንዳትመለሺ። ራጅ ተነሺ። ከሰሉንም ውጭ አቀጣጥይው።

ለጥምቀት ያልኩሽ አልሆነም፣ ፈቃድ ከለከሉኝ። ማሙሽ ቀድሞ እንዳይነግርሽ ብዬ ነው። የሚጡ ሁለተኛው ጥርስም እየተነቃነቀ ነው። ይህኛውን ለአያቴ ጣሪያ አስቀምጪልኝ ብላለች።