ማን ገፍቶት ነው ጅቡቲ የሚደርሰው?

አብዲ አቦ፣ እንዴት ነህ? ቤተሰብ፣ ልጆች ደህና? ስንት ጊዜ ተጠፋፋን! ሰበብ አልደረድርልህም፣ ኑሮ ነው በቃ። ድሬ ያው ናት፣ ሙቀቱም ያው።

ያኔ በርጫ ላይ ያነሳሃት ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። "የሶማሌ ክልሉ የካሉብ ጋዝ ጅቡቲ ድረስ በቧንቧ ይሄዳል ይሉናል፤ ማን ገፍቶት?" ብለህ ሁሉም ሳቀብህ። ጥያቄህ ግን ወላሂ የሚሳቅባት አልነበረችም። በ2011 ዓ.ም ኢትዮጵያና ጅቡቲ የተፈራረሙበት መስመር ወደ 770 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቀላል አይደለም።

የሚገፋው ግፊት ነው። ጋዝ ግፊት ከበዛበት ወዳነሰበት ይሄዳል። በትልልቅ መስመሮች ከ50 እስከ 100 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ይታመቃል፤ የቦቴህ ጎማ 8 ባር ገደማ ነው፣ ከዚያ አስላው።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ከድሬ ወደ ሐረር የሚገፋው ውሃ የቧንቧው ስፋት እስካልተቀየረ ድረስ በገባበት ፍጥነት ይወጣል፣ ውሃ አይጨመቅማ። ጋዝ እንደዚያ አይደለም። ከቧንቧው ግድግዳ ጋር እየተፋተገ ሲሄድ ግፊቱ ይወርዳል፣ ግፊቱ ሲወርድ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ቦታ ይጠበውና ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ደግሞ መፋተጉ ይብሳል፤ ስለዚህ ግፊቱ መጀመሪያ ላይ ቀስ እያለ፣ ወደ መጨረሻው ግን እየባሰበት ነው የሚወርደው። ግፊቱ በግማሽ ሲቀንስ ፍጥነቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ከፍተኛ ግፊት የሚመረጠውም ለዚሁ ነው። ሰው ለፍጥነት ይመስለዋል፣ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በደንብ የታመቀ ጋዝ ቀስ ብሎ እየሄደ ብዙ ያደርሳል። በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ አስፋልት ላይ አንተ ጥለኸው ትሄዳለህ።

ግፊቱ በጣም ሳይወርድ መጭመቂያ ጣቢያ ይቀበለዋል። አብዛኛውን ጊዜ በየ100 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ነው፣ እንደ መስመሩ ይለያያል። ብዙዎቹ ጣቢያዎች ኮምፕረሰሩን፣ ማለትም መጭመቂያውን ማሽን፣ የሚያዞሩት ከዚያው ከቧንቧው በሚቀንሱት ጋዝ ነው (ከጭነቱ የሚቀንስ ሾፌር እናውቅ የለ፣ አንተን አላልኩም)። ጋዙ ሲጨመቅ ይግላል፣ ስለዚህ በትልልቅ ማራገቢያ አቀዝቅዘው ነው የሚለቁት። እንደኛ ቆላ ላይ፣ በቀትር፣ አየሩ ራሱ እንደ እሳት ሲሆን በምን ታቀዘቅዘዋለህ? ይቻላል፣ ግን ማራገቢያው መተለቅ አለበት፣ ኮምፕረሰሩን የሚያዞረው ተርባይንም በሙቀት ጉልበቱ ይቀንሳል። እኔን ብትጠይቀኝ ለዚያ መስመር ከርቀቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይኼ ነው።

እና ቦቴህን ለመሸጥ አትቸኩል። ቧንቧው ቢዘረጋ እንኳ የሚወስደው ከዚህ ወደዚያ ነው፣ ያንተ ናፍጣ ደግሞ ከዚያ ወደዚህ ነው የሚመጣው። በድሬ ስታልፍ ደውል፣ እንደ ልማድህ ጡሩንባ ብቻ ነፍተህ እንዳትሄድ።