ቦራን ማን ይረከባት?

ወንድምዓለም፣

እንዴት ሰነበትክ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ዝም ማለቴ በዝቷል፣ ይቅር በለኝ፤ ወቀሳውን ስንገናኝ ታደርሰዋለህ። አሁን የምጽፍልህ ጭንቅ ይዞኝ ነው።

አባቴ ላማችንን ቦራን ሊሸጣት ነው። ለአርቢ ቢሆን ባልከፋኝ ነበር፤ የሥጋ ነጋዴ አይቷት፣ ዋጋ ቆርጦላት ሄዷል። ለፋሲካ ይወስዳታል።

አያቷን ታውቃታለህ። በ1998ቱ ጎርፍ የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ሲያለብሰው ጭራዋን ይዘህ የተሻገርክባት ናት። (ለልጆችህ «ዋኝቼ ወጣሁ» ብለህ እንደምታወራ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ምስክር ነኝ!) ቦራ ቁርጥ እርሷን ናት፤ ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር፣ ቀንዷ አጭርና ደንዳና፣ ግንባሯ ላይ ያ ነጭ ምልክት። እናቴ እግሯን ሳታስር ነው የምታልባት። ዘንድሮ ነጥፋለች። አባቴም ነጥፋ ሳለ ሸጧት ዲቃላ ላም ሊገዛ አስቧል፤ በረት ታስራ የምትውል፣ ብዙ የምትታለብ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ልወቅሰው አልቻልኩም። ድሮ ክረምት ውኃ የሚተኛበት ሜዳ የከብቱ ነበር። ውኃው ሲመጣ ከብቱ ወደ ዳገቱ ይወጣል፣ ሲሸሽ ተመልሶ ይሰማራል፤ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ከጅግናና ከሻጋ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ሩዝ ሲያስጀምሩ ግን ያ የተኛ ውኃ ራሱ ሀብት ሆነ። ይኸው ኤክስ ጅግና የምንለው ዘር እስከ ዛሬ የጅግናን ስም ይዞ ይዘራል። እኔንና አንተን ያስተማረን ሩዝ ነው፤ ቤታችንን ቆርቆሮ ያለበሰው ሩዝ ነው። ወረታን ብታያት አታውቃትም። ወደ ደብረ ታቦር መገንጠያው ላይ የጭነት መኪናው ተሰልፎ ይውላል፤ እናትህ ቡና ትሸጥበት የነበረው ቤት የሩዝ መፈልፈያ ሆኗል። ጤፍና ሩዝ የተቀየጠበት እንጀራ የማይበላበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ግን ወንድሜ፣ ግጦሹ አለቀ። ኳስ የምንጫወትበት መስክ እንኳ ታርሷል። አባቴ «ገለባ አለላት» ይላል፤ አለ፣ ጓሮው ሙሉ የሩዝ ገለባ ተከምሯል። ቦራ ግን መሰማራት የለመደች ላም ናት። ትናንት ጠጋ ብዬ አየኋት፤ ገመዱ አንገቷ ሥር ያለውን ፀጉር መልጦታል። ቆዳው ቀልቷል። እጄን ሳሳርፍበት አልሸሸችም፤ አንገቷን ይበልጥ አስጠጋችልኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ ንጹሕ የፎገራ ኮርማ በአካባቢያችን ከታጣ ቆየ። ከብቱ ሁሉ ከሌላ ተደባልቋል። ረግረግ የማይበግረው፣ በክፉ ቀን ያልጣለን ዝርያ በዓይናችን ፊት እያለቀ ነው፤ ሩዙ ደግሞ ይህን ያህል ሲያበላን ለእነርሱ አንዲት ቁራጭ መስክ መንፈጋችን ለእኔ ነውር ነው። ይህን ለአባቴ ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ዕዳውን የሚከፍለው እርሱ፣ አረሙን የሚያርመው እርሱ። እኔ በደመወዝ የምኖር ልጁ ምን ብዬ?

እንግዲህ ልመናዬን ስማ። አንተ ያለኸው አንዳሳ አጠገብ ነው። እዚያ ያለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል የፎገራን ዝርያ ያራባል። ሄደህ ጠይቅልኝ፤ ላሟን ይቀበላሉ? ካልተቀበሉ ከኮርማቸው ማስጠቃት ይቻላል? ሁለቱም ካልሆነ… እንዴት ብዬ ልበልህ፣ አማችህ በዓባይ ዳር ሰፊ የግጦሽ መሬት አላቸው ብለኸኝ ነበር። እርባታው የእርሳቸው ይሁን፣ ወተቱም የእርሳቸው። እኔ የምፈልገው አንዲት ሴት ጥጃ ብቻ ነው፤ እርሷንም ቢሆን እዚያው ታድግ።

ነጋዴው የቆረጠውን ዋጋ ለአባቴ እኔ እከፍለዋለሁ፤ ገንዘቡን ቆጥቤያለሁ። የመኪናውንም እኔ እችላለሁ። ነጋዴው የሚመለሰው ከሆሣዕና በፊት ባለው ገበያ ነው፤ ስለዚህ መልስህ ከዚያ በፊት ይድረሰኝ። ስልኬ አልተቀየረም፤ በማታ ደውል፣ ቀን መሥሪያ ቤት ነኝ። ባለቤትህን አማክራት፤ አባቷን የምታሳምነው እርሷ ናት።

ወንድምህ