ለልጄ፦ ስለቀረብሽ ፔሬድ

ደብረ ብርሃን፣ መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ። እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ዛሬ ጠዋት በቴሌግራም «እማ፣ ፔሬዴ ቀረ፤ 12 ቀን አለፈው» ያልሽውን ሥራ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት። መልሼ ያልደወልኩት ስድስት ሆናችሁ በምትኖሩበት ዶርም እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ስለማይወራ ነው። ብቻሽን ስትሆኚ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ቆጠራውን እናስተካክል። ጤና ጣቢያችን የምትመጣን ሴት ሁሉ «የመጨረሻው የመጣው መቼ ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ግማሾቹ «የገብርኤል ማግስት»፣ «ሚካኤል ዕለት» ነው የሚሉን። እኔም ያንቺን የያዝኩት እንደዚያው ነው፤ ነሐሴ 16፣ ፍልሰታ የተፈታ ዕለት፣ እኛ ስንገባ አንቺ ውጭ ከጥዱ ሥር ቆመሽ ያስቀደስሽ ቀን። አንቺ ከ16 እስከ 16 አንድ ወር ነው ብለሽ ከመስከረም 16 ወዲህ ቆጠርሽ። ጳጉሜን ግን ረሳሻት። ከነሐሴ 16 እስከ መስከረም 16 ድፍን 35 ቀን ነው። ያንቺ በ28 ቀን ስለሚመጣ ይጠበቅ የነበረው መስከረም 9 ነው፤ 12 ሳይሆን 19 ቀን ዘግይቷል ማለት ነው። ሁልጊዜ የሚቆጠረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ከቆመበት አይደለም። በአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ባለው ቢመላለስ ደህና ነው፤ ማየት ከጀመረች ጥቂት ዓመት ለሆናት ልጅ እስከ 45 ቀንም ሊቆይ ይችላል። ያንቺ ዛሬ 47 ቀን ሆኖታል። ዝም የሚባል አይደለም፤ እንቅልፍ የሚያሳጣም አይደለም።

ከሁሉ በፊት የሚታየው እርግዝና ነው። ጓደኛ አለሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። ፋርማሲ ሄደሽ የእርግዝና መመርመሪያ ግዢና ጠዋት በመጀመሪያው ሽንትሽ አድርጊው። አንድ መስመር ካሳየ (እርግዝና አልታየም ማለት ነው፤ ሁለት መስመር ግን እርግዝና ነው)፣ ፔሬዱም ካልመጣ፣ በሳምንቱ ድገሚው። ግንኙነት ኖሮ ከሆነ፣ ከዚያ ቀን ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ የሚታየው ውጤት ይታመናል። ፖስት ፒል፣ ማለትም ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠውን የእርግዝና መከላከያ፣ የወሰደች ልጅም ፔሬዷ በቀናት፣ አንዳንዴም በሳምንት፣ ወዲያ ወዲህ ይልባታል። የሦስት ወር መርፌ የሚወጉና ክንዳቸው ላይ ያስቀበሩ ደግሞ ጭራሽ ሊቀርባቸው ይችላል። «ታዲያ ደሙ የት ይሄዳል?» እያሉ ስንቶቹ ሲጨነቁ አይቻለሁ! የትም አልሄደም፤ የማህፀን ሽፋኑ ስለሚሳሳ የሚፈስ ነገር ስለሌለ ነው።

አንድ መስመር ከሆነ እኔ የምጠረጥረው ያንን የጳጉሜን ሰሞን ነው። ሰው ፔሬድ ሲቀር የዚያን ሳምንት ጭንቀት ይወቅሳል፤ ነገሩ የሚበላሸው ግን ቀደም ብሎ ነው። እንቁላል ከወጣች በኋላ ፔሬድ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ ይሄ ብዙም አይለዋወጥም። የሚለዋወጠው ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው። እንቁላሏ እንድትበስል የሚያዘው አንጎል ነው፤ ሰውነት ሲታመም፣ ሲራብ ወይም ሲጨነቅ ትእዛዙን ያዘገየዋል። እንቁላሏ በዘገየችበት ልክ ፔሬዱም ይዘገያል። ያንቺ መውጣት የነበረባት ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ያኔ ታይፎይድ ይዞሽ አልጋ ላይ ነበርሽ። በደንብ ሳታገግሚ ሻንጣ ጠቀለልሽ፣ ጅማ ገባሽ። የካፌው ወጥ አልስማማ ሲልሽ ደግሞ ምሳሽን በማኪያቶ ማለፍ ጀመርሽ። «ሱሪዬ ሰፋኝ» ብለሽ እየሳቅሽ ስትነግሪኝ እኔን አላሳቀኝም። ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ ብቻውን ፔሬድን ያስቀራል። ከሠፈር ልጅ ጋር በሶና ዳቦ ቆሎ ልኬልሻለሁ፤ ለጓደኞችሽ አካፍለሽ እንዳትጨርሺው፣ አውቅሻለሁ።

ሌሎቹ ምክንያቶች ይህን ያህል አያሳስቡኝም፤ ግን እወቂያቸው። የታይሮይድ እጢ ሥራው ሲበዛም ሲያንስም ወሩን ያዛባል። ፔሬዷ በየሁለት በየሦስት ወሩ የሚመጣ፣ አገጯ ላይ ወፍራም ፀጉር የሚያበቅል፣ ብጉር አልለቅ ያላት ጓደኛ ካለሽ፣ ፒሲኦኤስ የሚባለው የሆርሞን መዛባት ሊሆን ስለሚችል ትታይ። ሳይወልዱ ከጡት ወተት መሰል ነገር መውጣትም ምርመራ ይፈልጋል። ማስመለስን ለማስቆም የሚሰጠው ሜቶክሎፕራሚድ፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም እንዲህ ሊያደርጉ ይችላሉ።

ዶርም ውስጥ «ይሄን ጠጪ፣ ያወርድልሻል» የምትል አትጠፋም። ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ማድረግና አፍልቶ በብርጭቆ መጠጣት አንድ አይደለም፤ ሁለተኛው ይመርዛል። ምንም አትጠጪ።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ካልመጣ፣ ሦስት ወር እስኪሞላው ሳትጠብቂ የተማሪዎች ክሊኒክ ሄደሽ የደም ምርመራ ይታዘዝልሽ፤ ካስፈለገ አልትራሳውንድ ይጨምሩልሻል። ታች ሆድሽን፣ በተለይ በአንድ ጎን፣ አጥብቆ ካመመሽ፣ ከሱ ጋር ትንሽ ትንሽ ደም ከታየ፣ ወይም ራስሽን ሊያስትሽ ከሞከረ ግን ሌሊትም ቢሆን ጓደኛሽን ቀስቅሰሽ ሆስፒታል ሂጂ። ከማህፀን ውጭ የሆነ እርግዝና እንዲያ ነው የሚጀምረው፤ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ውጤቱን በቴሌግራም ቁጥር ብቻ ላኪልኝ። አንድ ከሆነ «1» በዪኝ። ሁለት ከሆነ ምንም አትጻፊ፣ ደውዪ፤ እኔ ፈቃድ ጠይቄ ጅማ እመጣለሁ፤ ለአባትሽ የሚነገረውንም እዚያው ሆነን አብረን እናስብበታለን።

እናትሽ