የቆቃ ውኃ ጥራት ያለ ፕላንክተን ቆጠራ አይታወቅም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ስለ ቆቃ ግድብ ሐይቅ በጋዜጣችሁም ሆነ በሌሎች መገናኛ ብዙኃን የሚወጡ ዘገባዎች ብዙውን ጊዜ የሚያተኩሩት በእምቦጭና በደለል ላይ ነው። ሁለቱም ሊዘገብባቸው የሚገባ ችግሮች መሆናቸውን አልክድም። ይሁን እንጂ ውኃውን የሚጠጣው፣ ዓሣውን የሚበላውና በመስኖው የሚያለማው ሕዝብ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ እሱም በውኃው ውስጥ ተንሳፍፈው የሚኖሩት ደቂቅ ፍጥረታት፣ ማለትም ፕላንክተን፣ በየትኛው ዓይነትና በምን ያህል ብዛት እንዳሉ ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የቆቃ፣ የለገዳዲና የአባ ሳሙኤል ፕላንክተን በቋሚነት ይቆጠር፣ ከእሱ የሚወጣው መርዝ ይለካ፣ ውጤቱም ሳይደበቅ ለሕዝብ ይነገር።

ቆቃ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ሲጀምር ዋናው ዓላማው ኤሌክትሪክ ማመንጨት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከግድቡ በላይ ያለው አገር ፈጽሞ ተለውጧል። የአዲስ አበባን ፍሳሽ የተሸከሙት ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ የሞጆ ወንዝ የከተማውንና የቆዳ ፋብሪካዎቹን ፍሳሽ ይዞ ወደ ቆቃ ይገባል፤ ከላይኛው አዋሽ እርሻዎች ደግሞ ማዳበሪያው በየክረምቱ ከአፈሩ ጋር እየታጠበ ይመጣል። በመጸዳጃ ቤት ፍሳሽም፣ በልብስ ሳሙናም፣ በዩሪያም ውስጥ ያሉት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግድቡ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። ወንዝ ሲፈስ ያመጣውን ይዞ ያልፋል፤ የተገደበ ውኃ ግን ያስቀራል። ፎስፈረሱ ከደለሉ ጋር ወደ ታች ሰምጦ ከቆየ በኋላ የታችኛው ውኃ ኦክሲጅን ሲያጣ ተመልሶ ይለቀቃል። ስለዚህ ዛሬ ሁሉም የፍሳሽ ቱቦ ቢዘጋ እንኳን ሐይቁ የቆየ ዕዳውን ለዓመታት ሲከፍል ይኖራል።

በዚህ ውኃ ውስጥ አሸናፊው ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ሳይያኖባክቴሪያ ነው፤ በተለምዶ ከዋቅላሚ ወይም ከአልጌ ወገን እንቆጥረዋለን። የሚያሸንፍበት ምክንያት ግልጽ ነው። የቆቃ ውኃ ደፍራሳ ስለሆነ ብርሃን ወደ ውስጥ ርቆ አይዘልቅም፤ ሌላው ዋቅላሚ ወደ ጨለማው እየሰመጠ ሲሞት ማይክሮሲስቲስ በሕዋሶቹ ውስጥ ባሉት አየር የቋጠሩ ጥቃቅን ከረጢቶች ተንሳፍፎ ወደ ብርሃኑ ይወጣል። በአውሮፓ ሐይቆች ብርዱ ሲመጣ እድገቱ ይገታል። በእኛ ሐይቅ ግን ውኃው ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ስለሆነ እረፍት የሚባል የለም፤ በቆቃ ላይ የተደረገ ጥናትም መርዙ በየትኛውም ወቅት እንደማይጠፋ አሳይቷል።

ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ ሐይቁ ዳር የቆመ ሰው ነገሩን በቅርብ ያየዋል። ሌሊቱን ወደ ላይ የወጣው ማይክሮሲስቲስ ወተት ላይ እንደሚረጋ ስልባቦት ውኃውን ሸፍኖት ያድራል፤ ቀለል ያለ ነፋስ ሲነካውም ሰው ውኃ ወደሚቀዳበት ጠርዝ እየገፋ ይከምረዋል። እናቶች ጀሪካናቸውን ከመሙላታቸው በፊት አረንጓዴውን በእጃቸው ወዲያና ወዲህ ገለጥ ያደርጉታል፤ ቤት ሲደርሱም በጨርቅ ያጠልሉታል፤ ልጅ ያላቸው ደግሞ ያፈሉታል። ከተቅማጥ ለመዳን የተማሩት ጥንቃቄ ይህ ነው፤ ለተቅማጥም ትክክል ነው። ማይክሮሲስቲን የሚባለው የጉበት መርዝ ግን ሰባት አሚኖ አሲዶች በቀለበት የተያያዙበት ጠንካራ ውሁድ ስለሆነ በመፍላት አይፈርስም። ይባስ ብሎም ሙቀቱ ሕዋሱን ሲያፈነዳው በውስጡ የነበረው መርዝ ወደ ውኃው ይፈሳል፤ ጨርቁ ደግሞ የሟሟውን መርዝ ሊይዝ አይችልም። በቆቃ ዙሪያ ላሉ ቤተሰቦች ይህንን የሚነግራቸው ማነው?

እዚህ ላይ ለምን ፕላንክተን ይቆጠር እንደምል ላስረዳ፤ ምክንያቱም «የውኃው ኬሚካል በየጊዜው ይመረመራል» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። ሐይቁ በማይክሮሲስቲስ በተሞላበት ሰሞን በውኃው ውስጥ የሟሟውን ናይትሬትና ፎስፌት የለካ ሰው እጅግ ዝቅተኛ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። ንጥረ ነገሩ አልጠፋም፤ በሕዋሶቹ ውስጥ ገብቷል። ናሙናው ተጣርቶ ሲለካ ሕዋሶቹ በማጣሪያው ወረቀት ላይ ይቀራሉ፤ በወረቀቱ ላይ የቀረው ሳይታይ ሪፖርቱ «ከደረጃ በታች» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ከሟሟው ይልቅ አጠቃላይ ፎስፈረስ መለካት አለበት።

የኦክሲጅን ልኬትም እንዲሁ ያሳስታል። የመስሪያ ቤት መኪና ሐይቁ ዳር የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ረፋድ ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ዋቅላሚው ፀሐይ ላይ ስለሆነ ኦክሲጅን እያመረተ ውኃውን ከሚገባው በላይ ያጠግበዋል። ሌሊት ግን ያው ዋቅላሚ ራሱ ስለሚተነፍስ ጎህ ሲቀድ ኦክሲጅኑ ወደ ታች ያሽቆለቁላል። ዓሣ የሚሞተው በዚያ ሰዓት ነው፤ ለካዩ ግን ገና ከቢሮው አልተነሣም። ሌላ ማስረጃ ባይኖረን እንኳን በአንድ ቦታ የተወሰደ የጎህና የቀትር ልኬት ልዩነቱ ብቻ የሐይቁን ሕመም ይናገራል።

ፕላንክተን ግን ያለፉትን ሳምንታት ታሪክ ይዞ ይቆያል፤ ከእነሱ መካከል እንስሳት የሆኑት ዙፕላንክተኖች ደግሞ ለብቻቸው ምስክር ናቸው። ጤናማ በሆነ ውኃ ውስጥ እንደ ዳፍኒያ ያሉ ተለቅ ያሉ ዙፕላንክተኖች ዋቅላሚውን እየበሉ ውኃውን ያጠሩታል። ማይክሮሲስቲስ በልፋጭ ተጣብቆ በዓይን እስከሚታይ ድረስ ክምር ሲሠራ ግን ዳፍኒያ መዋጥ ያቅታታል፤ የምግብ ማጣሪያዋም ይደፈናል። በሷ ቦታ እንደ ብራኪዮነስ ያሉ፣ ሮቲፈር የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት ይበዛሉ። እነዚህ ባክቴሪያና ብስባሽ በመመገብ በተበከለ ውኃ የሚመቻቸው ሲሆኑ፣ ትልቁን ዋቅላሚ ግን አይቀንሱትም። በማይክሮስኮፕ ሥር ሮቲፈር በሮቲፈር የሆነ ናሙና ያየ ባለሙያ ውኃው ከምን ደረጃ እንደደረሰ ለመገመት ብዙ አይቸገርም። ለዚህ የሚያስፈልገው ቀዳዳው 64 ማይክሮሜትር የሆነ መረብ፣ ናሙናውን የሚያቆይ የሉጎል አዮዲን፣ አንድ ሚሊሊትር የሚይዝ መቁጠሪያ ብርጭቆና ትዕግሥት ያለው ሰው ነው። በየዩኒቨርሲቲያችን ይህንን የሚያውቁ ወጣቶች አሉ፤ ተመርቀው ግን በሌላ ሥራ ላይ ናቸው።

ነገሩ የቆቃ ዳር ነዋሪዎች ብቻ ጉዳይ አይደለም። እኔ የምኖርበት አዳማ የሚጠጣው ከቆቃ ግድብ በታች ከአዋሽ ተወስዶ የሚጣራ ውኃ ነው። ለአዲስ አበባ ውኃ በሚያቀርበው የለገዳዲ ግድብም፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ የሳይያኖባክቴሪያ መርዝ ተገኝቶ ውጤቱ ታትሟል። ይህን የምጽፈው ከተሜውን ለማስደንገጥ አይደለም፤ በሚገባ የተሠራ ማጣሪያ ሕዋሱን ሳይፈነዳ አስቀርቶ የቀረውን በክሎሪን ማከም ይችላል። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ጥሬው ውኃ ገና ሲገባ ብዙ ክሎሪን ከተጨመረበት ሕዋሱ ይፈነዳና መርዙ ማጣሪያውን አልፎ ይሄዳል። የማጣሪያው ሠራተኛ ዛሬ የገባው ውኃ ምን ያህል ማይክሮሲስቲስ እንዳለበት ካልተነገረው ክሎሪኑን መቼና የት እንደሚጨምር በምን ያውቃል?

ብራዚል ውስጥ ካሩዋሩ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 የደረሰው ሁሉም የውኃ ባለሙያ ሊያስታውሰው የሚገባ ነው። በድርቅ ወራት ሳይያኖባክቴሪያ ከበዛበት የውኃ ማጠራቀሚያ ግድብ በሚገባ ሳይጣራ በቦቴ የመጣ ውኃ ለኩላሊት እጥበት ማዕከል ዋለ፤ መርዙ በቀጥታ ከታካሚዎቹ ደም ጋር በመገናኘቱ ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች የኩላሊት እጥበት ማዕከላት እየበዙ ነው። ማዕከላቱ የራሳቸው ማጣሪያ እንዳላቸው ይታወቃል፤ ቢሆንም የምንጩ ውኃ መርዝ የሚያይልበትን ሳምንት ቀድመው የሚያውቁበት መንገድ ሊኖራቸው ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዘወትር የመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጊዜያዊ ጣሪያ በአንድ ሊትር አንድ ማይክሮግራም ማይክሮሲስቲን ሲሆን፣ ለአጭር ጊዜ ደግሞ እስከ 12 ይፈቅዳል። ጣሪያ መኖሩ ብቻ ግን ካልለኩት ምንም አይፈይድም።

«ታዲያ ጉድጓድ ይቆፈርላቸው» የሚል መፍትሔም በተደጋጋሚ ይቀርባል። በስምጥ ሸለቆ የኖረ ሰው ይህ ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል። በወንጂና በአካባቢው የከርሰ ምድር ውኃው ፍሎራይድ ከሚፈቀደው 1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ ስለሆነ ጥርሱ የቡኒ ነጠብጣብ ያለበትን፣ አጥንቱ የጎበጠውን ሰው አይተናል። የሐይቁን ትቶ የጉድጓዱን የሚጠጣ ሰው አንዱን መርዝ በሌላው ይለውጣል፤ ስለዚህ ሁለቱም ሳይለኩ ለየትኛውም መንደር ውኃ መምረጥ አይቻልም።

ስለ እምቦጭና ስለ ደለል ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። እምቦጩን በጉልበት ነቅሎ ዳር ላይ ከምሮ ማበስበስ ፎስፈረሱን ወደ ውኃው መልሶ ማፍሰስ ነው፤ ከሐይቁ ርቆ ካልተወሰደ ድካሙ ለፎቶግራፍ ብቻ ይቀራል። የአፈር ጥበቃ ሥራውም መልካም ነው፤ ነገር ግን ደለሉ ቀንሶ ማዳበሪያውና ፍሳሹ ባለበት ከቀጠለ ውኃው ይጠራና ብርሃን ጠልቆ ይገባል፤ ዋቅላሚውም ከበፊቱ ሊብስ ይችላል። ደለልን ብቻ የሚዋጋ ዕቅድ ይህንን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። አረንጓዴ ውኃ ሁሉ ብክለት ነው ማለቴም አይደለም። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው ሶዳማው አረንጓዴ ሐይቅ አርትሮስፒራ በሚባል ሌላ ሳይያኖባክቴሪያ ለረጅም ዘመን አረንጓዴ ሆኖ የኖረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ ጥናት በዓለም ከተለኩት ከፍተኛ የፎቶሲንተሲስ መጠኖች አንዱን ያስመዘገበውም እዚያ ነበር። ሁለቱም ውኃ ለዓይን አረንጓዴ ነው፤ አንደኛው ተፈጥሮው፣ ሌላኛው የእኛ ፍሳሽ ውጤት መሆኑ የሚለየው በማይክሮስኮፕ ሥር በሚታየው ፍጥረት ነው።

የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴርና የክልል ውኃ ቢሮዎች ከዚህ ቢጀምሩ እመርጣለሁ፤ በቆቃ ላይ በሞጆ መግቢያ፣ በአዋሽ መግቢያና በግድቡ አጠገብ፣ በለገዳዲ ደግሞ ውኃው ወደ ማጣሪያ በሚወሰድበት ቦታ፣ በየ15 ቀኑ ናሙና ይወሰድ፤ ከእነዚህም አንዱ የጎህ ናሙና ይሁን። ማይክሮሲስቲስ ሲበዛ መርዙ በዚያው ሳምንት ይለካ፤ ከጣሪያው ሲያልፍ በአካባቢው ሬዲዮ በአማርኛና በኦሮምኛ «ከጠርዙ አትቅዱ፤ ማፍላት ብቻውን አያድንም፤ የዓሣውን ሆድ ዕቃና ጉበት ጣሉ» ተብሎ ይነገር። አዲስ አበባ ወንዝ በካዮችን ለመቅጣት ያወጣችው ደንብ ይሠራ እንደሆነም ከአባ ሳሙኤል ከሚመጣው ቆጠራ በተሻለ የሚናገር የለም።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ያለኝ ጥያቄ ደግሞ ይህ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር የግድቦቻችን ውኃ ስንት ሜትር እንደደረሰ ከኃላፊዎች ጠይቃችሁ ታትማላችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ስትደውሉ ከሜትሩ ጋር የማይክሮሲስቲን ልኬቱን ጠይቁ፤ የለም ካሏችሁም «የለም» ብለው መመለሳቸውን አትሙት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የውኃ ጥራት ባለሙያ
ከአዳማ